የማን ግራ

ልብስ ሰፊውና ሚስቱ በመኪናቸው ከሐኪም ቤት ሲመለሱ የትራፊክ መብራት ይዟቸው ቆሙ። መሪው እጁ ላይ ይርገፈገፋል፣ መስኮቱ ይንጫጫል። ሚስቱ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ እያየች፣ «ይንቀጠቀጥብኛል፤ አልቻልኩም። እናቴ ጋ ሄጄ ልውለድ» አለችው።

ልብስ ሰፊው ክው አለ። የአማቱ ቤት ሌላ ከተማ ነው። ሚስቱ አንዴ ከሄደች የመጀመሪያ ልጁን መወለድ እንደ ሩቅ ዘመድ በስልክ ሊሰማ ነው። መንቀጥቀጡን ካስቆምኩ ትቀራለች ብሎ አሰበ።

የሚስቱ ወንድም መካኒክ ነው፤ ለሥራ ራቅ ብሎ ሄዷል። በስልክ ሁሉንም ከሰማ በኋላ፣ ሞተሩን ከታች ግራና ቀኝ የያዙት የመቀመጫ ጎማዎች አርጅተዋል፣ በተለይ ግራው ሳይቀደድ አይቀርም፣ ጋራዥ ሳትሄድ ራስህ ቀይረው አለው። ሞተሩን በክሪክ ደግፍ፣ በክሪኩና በሞተሩ መካከል ጣውላ አድርግ፣ ከዚያ ቡሎኑን ፍታ። የሚቸኩል አፍሶ ይለቅማል፣ ረጋ በል ብሎም መከረው። አማች ሲመክር ማን ይሰማል።

በማግስቱ የግራውን የሞተር ጎማ ገዝቶ መጣ፣ ኮፈኑን ከፍቶ መኪናዋ ፊት ለፊት ቆመና በግራ እጁ በኩል ያለውን ፈታ። የወጣው ጎማ ምንም አልሆነም። ልብስ ሰፊው ግን መካኒክ ያለውን ዓይኑ ካየው በላይ ስላመነ አዲሱን አነሳ። አልገጥም አለው። ቀዳዳው ወዲያ፣ ቡሎኑ ወዲህ። ቢያገላብጠው፣ ቢገፋው፣ ቢለማመጠው ወይ ፍንክች።

ተነስቶ መለዋወጫ ሻጩ ጋ ሄደና የተሳሳተ ሰጠኸኝ አለ። ሻጩ አገላብጦ አይቶ ይሄ ግራ ነው አለው። እንግዲያውስ ቀኙን ስጠኝ አለ ልብስ ሰፊው። ሻጩ ትንሽ አየውና ቀየረለት። የቀኙ ልክ በልኩ እንደተሰፋ ኮት ገጠመ። ደስ ብሎት ሞተሩን ቢያስነሳ መኪናዋ እንደ ድሮዋ ትርገፈገፋለች።

አሁን ነው ግራ የገባው። ግራ ቦታ ላይ የቀኝ ጎማ እንዴት ይገጥማል? ከገጠመስ መንቀጥቀጡ ለምን አይቆምም? ሻጩ አታለለው? አማቹ ተሳሳተ? ወይስ እሱ ራሱ ልጄ ልጄ ሲል ናላው ዞረ? ጣውላው ላይ ቁጭ ብሎ በቅባት እጁ ግንባሩን ያዘ።

ሚስቱ ውሃ ይዛለት ወጣች። የሆነውን ሁሉ ሲነግራት ኮፈኑን አየች፣ እሱን አየች፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

«ኮት ስትለካ ግራ እጅጌ የምትለው የማንን ግራ ነው?»

«የለባሹን ነዋ።»

«መኪናዋን የሚለብሳት ማነው ታዲያ? ፊቷ የቆመው ነው ውስጧ የተቀመጠው?»

ሃያ ዓመት የሰው ግራና ቀኝ ለክቶ የኖረ ሰው ግንባሩን በመዳፉ መታ። ውሃውን ጠጣና ተነሳ። ተመልሶ ሲሄድ ሻጩ ደግነቱ ምንም ሳይጠይቅ ግራውን ሰጠው። በሾፌሩ በኩል ያለው አሮጌ ጎማ ገና ቡሎኑ ሲላላ ለሁለት ተከፍሎ ወደቀ።

አዲሱ ገብቶ ሞተሩ ሲነሳ መነሳቱም አያስታውቅም። ሚስቱን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣት። አገጩ ላይ ቅባት አለ፣ ፊቱ ግን በርቷል።

«ይኸው፣ ጸጥ አለች። እናትሽ ጋ መሄዱ ይቅራ?»

ሚስቱ ከአገጩ ላይ ቅባቱን ጠረገችለት።

«ምን ይንቀጠቀጥብኛል ያልኩህ መሰለህ?»

«መኪናዋ ነቻ።»

«መኪናዋን መቼ ‹እሱ› ብያት አውቃለሁ? እሷ ብትሆን ‹ትንቀጠቀጣለች› እል ነበር። ሰውነቴን ነው ያልኩህ። ሐኪሙ ቀኑ ደርሷል ካለኝ ጀምሮ እጄ፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥብኛል። ፈርቻለሁ።»

ልብስ ሰፊው ኮፈኑን አየ፣ ዳሽቦርዱን አየ፣ የሚፈታ ነገር ፈለገ። አጣ። ቀኑን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም የዋለው ለካ ሌላ ነገር ነው። አፈረ፣ አዘነላት። እጁ ቅባት ቢሆንም እጇን ያዘ፤ እውነትም ትንቀጠቀጥ ነበር።

«ላድርስሽ እናትሽ ጋ?» አለ በመጨረሻ።

«አድርሰኝ።»

«እሺ።»

«አድርሰኸኝ ልትመለስ ነው እንዴ?» አለች።

ልብስ ሰፊው እንደገና ግራ ገባው። እናቴ ጋ ልሂድ ስትለው ‹አንተ እዚህ ቅር› ማለቷ እንዳልሆነ ያኔ ገና ገባው፤ የራሱንም ልብስ ሊያዘጋጅ ወደ ቤት ሮጠ፣ ሞተሩን ማጥፋት ግን ረሳው።