የበቅሎ ዝማሜ

ባሌ መሪጌታ ደባሱ በቀኝ እግራቸው ሲረግጡ ወደ ቀኝ ጋደል ብሎ መውደቁ መቼ እንደጀመራቸው አላውቅም። ስንጋባም ትንሽ ትንሽ ነበረባቸው መሰለኝ። ዘንድሮ ግን ባሰ። ወደ ቤተ ማርያም ቁልቁለቱን ሲወርዱ በአንድ ጎኑ ብቻ የተጫነ አህያ ይመስላሉ። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስላቸው «ብርድ ነው፤ ሲሞቅ ይለቃል» ይሉኛል። እስቲ አሁን ላስታ መቼ ነው የሚሞቀው?

ልደት ደግሞ እየደረሰ ነው። በልደት ጠዋት ቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው አፋፍ፣ ማሜ ጋራ ላይ ቆመው፣ በዜማው ልክ ግራና ቀኝ እየረገጡ የሚወዛወዙበትን ዝማሜ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ያንን ቀን ተቀምጠው ካሳለፉ ባሌ ሰው እንደማይሆኑ አውቃለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብዬ፣ ጋቢያቸውን ጎትቼ፣ በግድ ወሰድኋቸው።

ሐኪም ቤት ሰብሌ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አገኘን፤ ፈገግታ የማይለያት ልጅ እግር። «አባቴ፣ በአንድ እግር ብቻ ይቁሙልኝ» ብላ ወገባቸውን ልትይዝ እጇን ብትዘረጋ፣ መሪጌታ ሸሽተው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

«እሽ፣ እንግዲያው እትዬ ባንችይርጋ ይያዙዎት» አለችና የኔን መዳፎች ወስዳ ከወገባቸው ዝቅ ብሎ፣ የዳሌያቸው አጥንት ጫፍ ላይ በግራና በቀኝ አስቀመጠቻቸው። ይኸን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር እዚያ ቦታ እንዲህ ያለ አጥንት መኖሩን ልብ ብዬ አላውቅም!

በግራ እግራቸው ሲቆሙ ሁለቱም እጆቼ እኩል ነበሩ። በቀኝ ሲቆሙ ግን ግራውን የያዘው እጄ ቁልቁል ወረደ። መሪጌታም እንዳይወድቁ ደረታቸውን ወደ ቀኝ ጣል አደረጉት።

«አዩ?» አለች ሰብሌ። «ዳሌ እንደ ገበቴ ነው። የጭን አጥንት አናቱ ድቡልቡል ነው፤ ገበቴው ጎን ላይ ባለች ጉድጓድ ገብቶ ይዞራል። በአንድ እግር ስንቆም ገበቴው እንዳይዘነብል የሚይዘው እዚህ መቀመጫ ጎን ላይ ያለው ጡንቻ ነው። የሳቸው መጋጠሚያው ደህና ነው፤ የቀኙ ጡንቻ ነው የሰነፈ።»

በጎን ተኝተው እግራቸውን እያነሱ እንዲያጠነክሩት አዘዘቻቸው። ሲሄዱም መቋሚያውን በግራ እጃቸው እንዲይዙ ነገረቻቸው።

«የሚያመኝ እኮ ቀኙ ነው!» አሉ መሪጌታ።

«ለዚያ ነው አባቴ። ቀኙ ሲረግጥ ግራ እጅ ያግዘዋል።»

እሑድ ሰብሌ ለማስቀደስ መጣችና አጠገቤ ቆመች። መሪጌታ ከነደቀ መዛሙርታቸው ሲዘምሙ ክንዴን ጨበጥ አደረገችው። «እትዬ፣ እነዚህ ልጆች ሁሉም ታመዋል እንዴ?»

አየሁ። ወይ ጉድ! ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ቀኙን ሲረግጡ ወደ ቀኝ ይወድቃሉ። እኔማ ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ዝማሜው እንዲያ ነው ብዬ ተቀምጫለሁ። ሲወጡ ሰብሌ በአንድ እግር እያቆመች ሁሉንም አየቻቸው። እንደ ምሰሶ ቀጥ! «ጤነኞች ናቸው» አለች ሳቋ እያመለጣት፤ «የተማሩት ማነከሱን ነው።»

መሪጌታ ነደዱ። «ምን ማነከስ! ከየኔታ ተክለ ሚካኤል እንዲህ አድርጌ የተቀበልሁት ነው!»

ቤት ስንገባ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ኩርምት አሉ። «ባንችይርጋ፣ ሕመሜን ዝማሜ ብዬ አስተምሬ ከሆነሳ? በምን ፊቴ ማሜ ጋራ እቆማለሁ? ዘንድሮ ሌላ ይምራ።»

ባሌ ሲቆጡ እችላቸዋለሁ፤ ሲያዝኑ ግን አልችልም።

«የኔታ በሕይወት አሉ አይደል? ብልባላ ሩቅ ነው? ሄደን እንጠይቃቸዋ!»

«ተማሪ የኔታን ይጠይቃል እንዴ?»

«እርስዎ ካፈሩ እኔ አለሁ» አልሁና በማግሥቱ ይዣቸው ሄድሁ።

የኔታ በጣም አርጅተዋል። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። መሪጌታ ጉልበታቸውን ሳሙ። እያጎነበሱ መሬት መሬት ያያሉ። ቢቸግረኝ እኔው ጠየቅሁ። «የኔታ፣ ዝማሜው ወደ ቀኝ ይወድቃል?»

«ወደ ቀኝ? እስቲ አሳየኝ ደባሱ።»

መሪጌታ ተነሥተው አሳዩ። የኔታ አይተው አይተው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዕንባቸው እስኪወርድ!

«አይ ደባሱ! ይኸ የኔ አይደለም፤ የበቅሎዬ ነው! አንተ ልትማር የመጣህ ሰሞን በቅሎ ጥላኝ ዳሌዬን ጎድታኝ ነበር። ሳነክስ አየኸኝ። እኔ እስኪሻለኝ አንተ ተምረህ ሄድህ። ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«የኔታን ማን ይጠይቃል?» አሉ መሪጌታ።

«አይ ልጄ። ዜማው ከአባቶች ነው፤ መውደቁ ከበቅሎ ነው። ይኸን መለየት ነበረብህ። በሉ ደግፉኝ።»

ግራና ቀኝ ደግፈን አቆምናቸው። ያ ሽማግሌ በቀጭን እግራቸው ቀስ ብለው ዘመሙ። ገበቴው ንቅንቅ አላለም። መሪጌታ እንደ ተማሪ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ፤ ከዚያ ከጎናቸው ቆመው አብረዋቸው ዘመሙ። እኔም የኔታን እንደደገፍሁ አለቀስሁ። ዕድሜ ልኩን የበቅሎ ውድቀት ሲዘምም የኖረ ዳሌ ቢሰንፍ ይፈረድበታል?

ላሊበላ ስንመለስ መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ሁሉንም ነገሯቸው። «ከእንግዲህ ያልገባችሁን ጠይቁኝ» አሉ። ትልቁ ተማሪ ምስጋኑ አንገቱን ደፍቶ ተነሣ።

«መሪጌታ፣ እንግዲያስ የልደቱ ላይ፣ ከመጀመሪያው ዜማ በኋላ የምንላት ‹እህም›ስ? እሷም ከየኔታ ናት?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ያዙ። «የጉሮሮዬ ሳል ናት እኮ!»

ስንት ልደት አብረው ስለዋል መሰላችሁ! በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራቸው መደቡ ላይ በጎናቸው ተኝተው፣ ዳዊት እየደገሙ እግር ማንሣት ሆነ። ማታ ማታ በቀኝ እግራቸው አቁሜ መዳፎቼን ዳሌያቸው ላይ አድርጌ አያለሁ። ቀስ በቀስ ግራውን የያዘው እጄ መውረዱን ተወ።

ልደት ነጋ። ማሜ ጋራ በነጭ ነጠላ ተሞልቷል። መሪጌታ ከፊት ቆሙ። ቀኙን ረገጡ፤ አልወደቁም። ግራውን ረገጡ። ተማሪዎቹም ከኋላቸው ቀጥ ብለው ተከተሉ። እሰይ አልሁ፤ እልል አልሁ።

የመጀመሪያው ዜማ አለቀ። ያች ቦታ ደረሰች። መሪጌታ አልሳሉም። ተማሪዎቹም አልሳሉ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ እንዳለ፣ ከሴቶቹ መሐል አንድ ድምፅ ብቻውን «እህም!» አለ።

እኔ ነበርሁ።

መሪጌታ ዘወር ብለው አዩኝና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ? እኔም የተማርሁት ከሳቸው ነው።