ቀጭኑ ዘፋኝ

«የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሰጠህ?» አለ ሹፌሩ፣ የፕላስቲክ ወንበሩን ወደ ጠሪው እያስጠጋ።

ጠሪው አልገባውም። የታላቅ ወንድሙ የጋሼ ለቅሶ ሦስተኛ ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ «እግዜር ያጽናህ» ላለው ሁሉ ራሱን ሲነቀንቅ ውሎ አንገቱ ዝሏል። ጠሪ ያሰኘው ሥራው ነው፤ አውቶብስ ጣቢያ፣ መዞሪያ በሌላት የመስታወት ክፍል ተቀምጦ የመኪና መነሻ ሰዓት በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ድምፁ ሻካራ ነው። ተሳፋሪዎች ክረምት ከበጋ ጉንፋን የያዘው ይመስላቸዋል።

«የምኑን ሁለት?»

«የባንዱን ነዋ! የናንተን የሮክ ባንድ። የመጀመሪያ አልበሞቻቸውን። ጡረታ ልወጣ ስል በመጨረሻው ጉዞዬ ይዤለት የመጣሁትን። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው እኮ! ያን ለት እንደ ልጅ ነው የዘለለው። ‹አብረን ነው የምንሰማው› ብሎኝ ነበር።»

«አልሰጠኝም» አለ ጠሪው።

ሹፌሩ ደነገጠ። ለቅሶ ቤት የማይነሣ ነገር ያነሣ መሰለው። «እንግዲህ... ረስቶት ይሆናላ» ብሎ ሻዩ ላይ አቀረቀረ።

ረስቶት! ጋሼ? በየትኛው ዓመት ማን የትኛውን ካሴት ተውሶ እንደቀረ ከነልብሱ ቀለም የሚያስታውሰው ጋሼ? ሰኞ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው የቀረው ጋሼ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የረሳው ነገር አልነበረም። ጠሪው ግን ሌላ ነገር ነው ሆዱ የገባው። አሥራ አንድ ዓመት። ስሙን ያጣው ያኔ ነው።

የስሙ ነገር እንዲህ ነው። ጋሼ በዚህችው ቤት የፊት ክፍል ካሴት እያባዛ ይሸጥ ነበር። ሁለት ማሽን ነበረው፤ አንዱ ያጫውታል፣ አንዱ ይቀዳል። ጠሪው አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፣ የሚያጫውተው ማሽን ቺንጋው ላልቶ ዘፈኑን እንደ ሰካራም ይጎትተው የጀመረ ጊዜ። የዚያን ቀን ደግሞ ሹፌሩ ለአንድ ቀን ብቻ ያዋሰው ካሴት ነበር፤ ማንም ያልሰማው ባንድ፣ ሦስተኛ አልበም። ጋሼ ማሽኑን በጥፊም በልምምጥም ሞክሮ አልሆን ሲለው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ያኔ ታናሽየው ክዳኑን ፈታ፤ ቺንጋው የሚዞርባትን የሞተሩን ትንሽ መዘውር አየ፤ ከእናታቸው መሳቢያ የቁስል ፕላስተር አምጥቶ ሁለት ዙር ጠመጠመባት። ቺንጋው ቆንጠጥ አድርጎ ያዘ። ማሽኑ ነፍስ ዘራ።

ከማሽኑ የወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር፣ ቀጭንና ከፍ ያለ። ሁለቱም አፋቸውን ከፈቱ።

«ይሄ ቀጭን ደግሞ ከየት መጣ!» አለ ጋሼ። ከዚያን ቀን ወዲያ ዘፋኙ «ቀጭኑ» ሆኖ ቀረ። ታናሽየው ደግሞ «ኢንጂነር»። ጋሼ እናታቸው ስትታመምም፣ ሲድርም፣ ስልክ ሲደውልም፦ «ኢንጂነር፣ እንዴት አደርክ?» ሱቁም ስም አወጣ። «የዚህ ቤት ካሴት ይሞቃል» እያለ ገበያው ከሌላ ሰፈር ድረስ መጣ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ጋሼ አንድ ጠዋት ደውሎ በስሙ ጠራው። መታወቂያው ላይ ባለው ስም። ጠሪው ሌላ ሰው የደወለ መስሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ኢንጂነር የሚል ቃል ከጋሼ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ምን አጠፋሁ ብሎ ሲያሰላስል፣ የጋሼ ልጅ በተመረቀችበት ቀን ተረኛ ሆኖ መቅረቱ ትዝ አለው። እሱ ነው ብሎ ደመደመ። «ጋሼ፣ ምን ሆነህብኝ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አፉን አይቆርጠው ነገር! ግን ሆድ ብሶት ዝም አለ። ዛሬ እጠይቃለሁ ነገ እጠይቃለሁ ሲል ጋሼ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ።

ጠሪው ተነሥቶ ወደ ማድ ቤት ገባ። የጋሼ ሚስት ብርጭቆ ታጥባለች። ጎረቤቶች ተይው ቢሏትም እጇ ሥራ ሲፈታ ልቧ ይፈርሳል።

«እትዬ፣ ሹፌሩ ያመጣቸው ሁለት ካሴቶች የት ናቸው?»

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ። «አይ እንግዲህ» አለች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ፣ ከክርና ከቁልፍ ሥር፣ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

«እዚህ ነው የሰማው፣ እዚችው ወንበር ላይ፣ በኔ ቴፕ። ሱቁ ያኔ ካሴት ትቶ ደብተርና እስክሪብቶ ነበር የሚሸጠው። ‹ለኢንጂነር ከመደወሌ በፊት አንዲት ዘፈን ብቻ ልቅመስ› አለ። ቀመሰ። ከዚያ እሱን አያርገኝ! ፊቱ አመድ መሰለ። ካሴቱን ይዞ ወደ ሱቅ ሮጠ፣ ቆይቶ ተመለሰና ካቻቢቴ ስጪኝ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ‹አልቻልኩም› ብሎ መጣ። ማሽኑ ነው ያስቸገረው ብዬ እኔ ‹ለኢንጂነር ደውልለት› አልኩት።» ዓይኗ ሞላ። «ጮኸብኝ። በሠላሳ ዓመት አንዴ ነው የጮኸብኝ።»

ጠሪው መሐረቡን ፈታ። የመጀመሪያው አልበም ሽፋን ላይ አራት ሰዎች ቆመዋል። ማይክ የያዘው አንገቱ እንደ በርሜል የሆነ ድብልብል ሰውዬ ነው። ጠሪው ቀጭኑን ፈለገ። የለም።

«ዝግ አድርገህ ስማው» አለች እትዬ፣ በሩን ገፋ እያደረገች።

ጆሮውን ቴፑ ላይ ለጥፎ ከፈተው። ጊታሩ መጣ፤ የነሱ ባንድ ነው፣ ጥርጥር የለውም፤ ግን ቀስ ይላል፣ የጠገበ ሰው አካሄድ ነው። ከዚያ ድምፁ መጣ። ወፍራም ነው። ከደረት የሚወጣ፣ እንደ ልቡ የሚናገር የጎልማሳ ድምፅ።

«እትዬ፣ ይሄ ቴፕ ደክሟል።»

«ምን በወጣው!»

«መብራቱ ቀንሶ ይሆናል።»

«እሱም እንዲሁ ነው ያለው» አለች እትዬ።

ጠሪው የሽፋኑን ጀርባ ገለበጠ። ከየዘፈኑ ስም አጠገብ ርዝመቱ ተጽፏል። የመጀመሪያው ልክ አራት ደቂቃ። እሱ ደግሞ በሰዓት የሚኖር ሰው ነው፤ የእጅ ሰዓቱ ከጣቢያው ሰዓት አንድ ሰከንድ አይዛነፍም። ካሴቱን መልሶ ከመጀመሪያው ለቀቀና ሰዓቱን ያዘ። ዘፈኑ አራት ደቂቃ ላይ አለቀ። ልክ።

ካሴቱን ይዞ በኮሪደሩ ወደ ሱቁ አለፈ። ማሽኖቹ ከደብተር ካርቶን ጀርባ ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል። አቧራውን እፍ ብሎ፣ ካሴቱን የሚያጫውተው ውስጥ አስገብቶ ተጫነው። መጀመሪያ አቃሰተ፤ ከዚያ ተነሣ። ቀጭኑ ዘፈነ። ያ የልጅነቱ ድምፅ፣ ያ ከፍ ያለው፣ የሚወደው፣ ከዚያው ካሴት። ሰዓቱን አየ። ዘፈኑ ሃያ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ አለቀ።

ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው መዝፈን ነበር የፈለገው። ሌላ ምንም አልፈለገም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከዚህ ሱቅ በወጣ ካሴት፣ ቀጭኑ የሚደርስበት ሊደርስ ታገለ። እዚያ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፁ እምቢ ይለዋል፤ እሱም እምቢ ይላል። አጃቢ ሙዚቀኞቹም ቢሆኑ ያጠኑት ከዚሁ ሱቅ ካሴት ነው፤ ከተማው በሙሉ ዘፈኑን የሚያውቀው በዚያው ከፍታ ነበር። የዘፈን ውድድሩ ቀን፣ ከሦስተኛው አልበም አንዷን ሊዘፍን ሲወጣ፣ አዳራሹ ሞልቷል። እዚያች ቦታ ሲደርስ ጉሮሮው ተሰነጠቀ፤ የወጣው ጩኸት ነበር፣ የታነቀ ዶሮ ዓይነት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት ወንበር ጋሼ ብቻውን ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እጁ እስኪቀላ። በማግሥቱ ጠሪው ደም ተፋ፤ ሐኪሙም «ይሄ ጉሮሮ ለዚህ አልተፈጠረም» አለው። እሱም አመነ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አመነ። ለዚህ አልተፈጠርኩም ብሎ የመስታወት ክፍሉ ውስጥ ገባ።

ካሴቱን መልሶ ሊያጫውት አልደፈረም። እዚያው ተቀምጦ፣ ማድ ቤት በሰማው ወፍራም ድምፅ ልክ፣ በቀስታ፣ ያችን የሦስተኛው አልበም ዘፈን ጀመራት። ቋንቋውን ዛሬም አያውቀውም፤ ቃሉን ድሮ እሱና ጋሼ አፋቸው ላይ እንደመጣላቸው የፈጠሩት ነው። እዚያች ቦታ ደረሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ፣ ያ ሻካራው፣ የደከመው፣ የአርባ ስድስት ዓመቱ ድምፅ፣ ደረጃ እንደመውጣት ወጣባት። ደረሰ። ምንም አላመመውም።

«ኧረ ለቅሶ ቤት ዘፈን ምንድነው? ነውር አይደለም እንዴ!» አለች አንዲት ጎረቤት ከሳሎን።

«የሟቹ ነው፣ ተዉት» አለች እትዬ።

ማን ላይ ይቆጣ? ደሙ ፈልቶ ነበር፤ የሚፈስበት አጣ። ሹፌሩ አንድ ካሴት አዋሰ እንጂ ምን አደረገ? ጋሼ ምን አደረገ? አሥራ አምስት ዓመት የሞላው አንድ እጁ የማያርፍ ልጅ ነው፣ በእናቱ ፕላስተር መዘውሯን አወፍሮ ካሴቱን ከልኩ በላይ ያስሮጠው፣ ወፍራሙን ድምፅ ያቀጠነው። ራሱ ነው። ጋሼ ደግሞ ያን የሰማ ጊዜ፣ «ኢንጂነር» ማለት ስድብ ሆነበት። ያን ስም በጠራ ቁጥር ያችን አዳራሽ ሊያስታውስ ሆነ። ለመናገርም አልቻለ፣ ለመደበቅም አልቻለ። ስሙን ብቻ ዋጠው። እሱ ደግሞ ይኼን ኩርፊያ ነው ብሎ አሥራ አንድ ዓመት አኮረፈ።

«ምን አለ ብትነግረኝ፣ ጋሼ» አለ። «ስቀን እናልፈው ነበር እኮ።» ውሸቱን ነው። ይስቁ እንዳልነበር ያውቃል። ጋሼም ያውቅ ነበር።

ካቻቢቴው ማሽኑ ሥር ተቀምጧል፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያነሣው የለም። ጠሪው ክዳኑን ፈታ። ቺንጋውን በጣቱ ሲያወጣው ፕላስተሩ ጫፉን ብድግ አደረገ፤ ከዕድሜ ጠቁሯል። ከጫፉ ትንሽ ያህል በጥፍር ተልጧል። ተልጦ፣ መልሶ ተለጥፏል። የጋሼ ጥፍር ነው። ልላጠው ብሎ ጀምሮ፣ የታናሽ ወንድሙን ሥራ ለማበላሸት እጁ እምቢ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጠሪው ጥፍሩን ጋሼ ካቆመበት ላይ አስገባ። ሳብ ቢያደርገው ያልቃል፤ ቀላል ነው። የማሽኑ ነገር ይስተካከላል፤ ከዚያስ? ማን ሊዘፍን? ማን ተነሥቶ ሊያጨበጭብ?

እትዬ በሩ ላይ መጥታ ቆማለች። የተከፈተውን ማሽን አየች፣ እሱን አየች።

«ተሠራልህ?»

«አልቻልኩም፣ እትዬ።»

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ተመለሰች። ጠሪው የተላጠችውን ጫፍ በአውራ ጣቱ መልሶ ለጠፋት። ሙጫው ካለቀ ቆይቷል፤ ጣቱን ሲያነሣ ትነሣለች። ስለዚህ ጣቱን አላነሣም፤ ሳሎን ስሙን እየጠሩ ሲፈልጉት እንኳ፣ እንደተጫናት ቁጭ አለ።