የካርድ ክፍሏ ልጅ

ባስልዮስ በሳምንት አምስት ቀን ሂሊያርድ ከተማ ባለ አንድ መጋዘን ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ይነዳል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዌስተርቪል ካለው ቤቱ ጋራዥ ገብቶ በሩን ይዘጋና ሰው ያስቃል። መኪናው ክረምት ከበጋ ደጅ ነው የሚያድረው፤ ጋራዡ ከወለል እስከ ጣሪያ በመደርደሪያ ተሞልቷል። መደርደሪያው ላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የፊልምና የጌም ዲቪዲ ከነካቨሩ ቆሟል። አንዱ እንኳ ዘንበል ብሎ አይገኝም።

ዩቲዩብ ላይ ያለው ዝግጅቱ «ሽፋኑና ውስጡ» ይባላል። አንድ ጌም ያነሣና መጀመሪያ ካቨሩን ይበልታል፤ ሥዕሉን፣ ፊደሉን፣ ፕላስቲኩን። ከዚያ ዲስኩን ከትቶ ለአንድ ሰዓት ይጫወትና የመጀመሪያ ስሜቱን ይናገራል። ከአንድ ሰዓት አልፎ አያውቅም። «ወጡ ጨው እንደበዛበት ለማወቅ ድስቱን መጥረግ የለብህም» ይላል። ምላሱ ምላጭ ነው፤ አሥራ አንድ ሺህ ተከታዮቹም የሚወዱት ለዚሁ ነው። አመስግኖ የጨረሰ ቀን «ዛሬ አሞሃል እንዴ?» ብለው ይጽፉለታል።

ፍርዶስ በዲቪ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። እዚያው መጋዘን ዕቃ ታሽጋለች። በማረፊያው ክፍል፣ ብሬክ ሩም ውስጥ፣ ጥግ ይዛ፣ ላፕቶፗን ከፍታ፣ ምሳዋን በአንድ እጇ እየበላች ስትሠራ የሚያያት ሁሉ ኮሌጅ የምትማር ይመስለው ነበር። በየካቲት ወር አንድ ማክሰኞ ቀን ባስልዮስ ፎርክሊፍቱን አቁሞ ሲወርድ መጥታ ፊቱ ቆመች። አንድ ካቨር በሁለት እጇ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ጌም ነው። ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

«አንቺ?»

«ብቻዬን። ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። ካቨር የሌለው ጌም ጌም አይደለም ስትል ሰምቼ ካቨር ሠራሁለት። ሃያ ብቻ ነው ያሳተምኩት፤ አንዱ ያንተ ነው።»

ተቀብሎ ገለባበጠው። ቡናማ ነው። መሐሉ ላይ 4417 የሚል ቁጥር፣ ከላዩ «ካርድ ክፍል» የሚል ጽሑፍ አለበት።

«ፕሮግራምህ ላይ ብታቀርበው ደስ ይለኛል» አለች ፍርዶስ። «ግን ጋሼ፣ ታሪክ ያለው ነው፤ ነገሩ መጨረሻው ላይ ነው። እስከ መጨረሻ ብትጫወተው።»

«እናየዋለን» አለና የጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ላይቭ ገባ። ካቨሩን ለካሜራው ከፍ አድርጎ አሳየና ገና ምንም ሳይል ሳቀ።

«ወገኖቼ፣ ይሄ የጌም ካቨር ነው ወይስ የእድር መዝገብ? ቡኒ! ሰው በዚህ ዘመን አስቦበት ቡኒ ይመርጣል? ቆይ፣ ቆይ፣ ጎኑን እዩልኝ። መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየው ይሄ ቀጭኑ ነው አይደል? የዓለም ካቨር ሁሉ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የኛዋ ከታች ወደ ላይ ትወጣለች። ይሄን ለማንበብ አንገቴን ልሰበር ነው?» ካቨሩን ከመደርደሪያው አቆመው፤ በእርግጥም ከሌሎቹ መሐል ተዘቅዝቆ የተሰቀለ ይመስላል። ወረቀቱ ደግሞ ለፕላስቲኩ ሁለት ሚሊሜትር ያጥረዋል። «ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የቀረ ልጅ!» አለ። ከፍቶ ዲስኩን ሊያወጣ ሲል መሐሉ ላይ ያለው ጥርስ አልለቅ አለው፤ ዲስኩ እስኪጎብጥ ታገለ። «እንዳይሰረቅ ነው መሰለኝ። እህቴ፣ አትሥጊ፣ ማንም አይወስደውም!»

ተመልካቹ አንጀቱ እስኪቆስል ሳቀ። ቁጥሩ ከስምንት መቶ ወደ ሁለት ሺህ ዘለለ።

ጌሙ ተጀመረ። ተጫዋቹ አንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ውስጥ የካርድ ክፍል ሠራተኛ የሆነች ልጅ ነው የሚሆነው። በመስኮቱ ማዶ ሕሙማን ይሰለፋሉ፤ ቁጥራቸውን ይናገራሉ፤ ልጅቷ ከጨለማው መደርደሪያ መሐል ገብታ ካርዳቸውን ትፈልጋለች። አንድ ሽማግሌ ግን ካርዳቸው አይገኝም። ያለ ካርዱ ሐኪሙ ሕክምና አያዝላቸውም፤ የምርመራው ውጤት ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ልጅቷ «ነገ ይመለሱ» ትላቸዋለች። ሽማግሌው ግን አይሄዱም፤ መሄጃ ስለሌላቸው እዚያው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ይቀመጣሉ።

«አርባ ደቂቃ!» አለ ባስልዮስ። «አርባ ደቂቃ ሙሉ ካርድ ስፈልግ! እኔ ይሄን አገሬ እያለሁ በነፃ ስሠራው የነበረ ነገር ነው። ሰው ጌም የሚጫወተው ከወረፋ ለማምለጥ እንጂ ወረፋ ለመያዝ ነው እንዴ?» ከዚያ የስክሪኑን ልጅ በጣቱ እያሳየ፦ «እሷን እዩዋት፣ እንደ ኤሊ! ይቺ ልጅ እኮ ሰው ትገድላለች! እኚህ አባት በሕመማቸው አይደለም የሚሞቱት፣ በሷ ነው!»

ከአስተያየቶቹ መሐል አንድ መጣ። የጸሐፊው ስም ፍርዶስ ይላል። «ጋሼ፣ ትንሽ ጠብቅ።»

ጮክ ብሎ አነበበው። «ባለቤቲቱ መጣች! "ትንሽ ጠብቅ" ትላለች። ነገ ልመለስ፣ እህቴ?»

ባስልዮስ ሰዓቱ ሳይሞላ ጌሙን ዘጋና ከአሥር አንድ ሰጠው፤ እሱንም ለቁጥሩ አጻጻፍ ነው አለ። ቪዲዮው በሁለት ቀን ሠላሳ ሺህ ሰው አየው። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

ሰኞ መጋዘኑ ውስጥ ያለ አበሻ ሁሉ ፍርዶስን ሲያገኛት ሰላምታው አንድ ሆነ፤ «ካርዴን አገኘሽው?» ማክሰኞ የልብስ ማስቀመጫ ሎከሯ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ፤ «ካርድ ክፍል። ነገ ይመለሱ።» ባስልዮስ ሲያልፍ አይቶ ሳቀ። ሲስቅ እሷ ከኋላው ነበረች። ወረቀቱን ሳትቀድ ነቅላ፣ አራት ላይ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«አይዞሽ» አላት። «ማስታወቂያ ነው እኮ። ሠላሳ ሺህ ሰው አወቀሽ።»

«ጨረስከው?»

«ኧረ ጊዜ የት አለኝ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለችና ወደ ማሸጊያው ሄደች።

ጌሙን የጨረሰችው ሚስቱ ህብረት ናት። ህብረት ዎርዝንግተን አንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያው ላይ ትሠራለች፤ እሷም ቀኑን ሙሉ በመስኮት የሰው ስም ስትፈልግ ነው የምትውለው። ባሏ ሲሳለቅ ሰምታ ልጅቷ አሳዘነቻትና ከሥራ ስትመለስ ጥቂት ጥቂት እያለች ተጫወተችው። በሳምንቱ ዓይኗ ቀልቶ ከጋራዡ ወጣች።

«ቁጭ በልና ጨርሰው» አለችው።

«ምን አለው?»

«ጨርሰው አልኩህ።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተቀመጠ። ስድስት ሰዓት ፈጀበት። መጀመሪያ ሰለቸው፤ ኋላ መሰልቸቱን ረሳ። ካርዱን ፍለጋ በገባ በወጣ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ ትንሽ ትንሽ እያዘነበሉ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ከዘንቢላቸው ዳቦ አውጥተው ለልጅቷ ቆርሰው ይሰጧታል፤ «አንቺም እኮ ምሳ አልበላሽም» ይሏታል። በጌሙ ውስጥ በሦስተኛው ቀን ካርዱ ተገኘ። 4417 ቁጥር ካርድ፣ 4471 መግባት ባለበት ቦታ ተሰክቶ ነበር። ባስልዮስ ካርዱን ይዞ ልጅቷን እያስሮጠ ወደ ኮሪደሩ ሲደርስ አግዳሚው ባዶ ነው። ዘንቢሉ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረና ጽሑፍ ወጣ፦

«ይህ የሆነ ነገር ነው። ሰውየው አናጢ ነበሩ። በሚያዝያ ሞቱ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ካርዱን ስናገኘው ሌላ ሰው ያጠፋው አስመስዬ ዝም አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እስከዚህ ድረስ የፈለገ ሰው ይወቀው።»

ባስልዮስ ጌሙን ዘጋ። «እኚህ አባት በሕመማቸው አይደለም የሚሞቱት፣ በሷ ነው» ያለው የራሱ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ይጮህበት ጀመር። ልጅቷ ያንን ተቀምጣ ሰምታዋለች። ከሠላሳ ሺህ ሰው ጋር።

«ሂድና ቤቷ በር አንኳኩተህ ይቅርታ ጠይቃት» አለችው ህብረት።

«በአደባባይ ሰድቤ በጓዳ ይቅርታ?»

«እሺ፣ በአደባባይም በል። የሷን ነገር ግን እንዳታነሣ። አደራ።»

«እብድ ነኝ እንዴ?» አላት። ከልቡም ነበር።

ቅዳሜ ላይቭ ገባ። ጌሙን ሳይጨርስ መፍረዱ ስሕተት እንደነበር ተናገረ። «ከፍላህ ነው?» ብሎ ጻፈ አንዱ። «ዘመድህ ናት?» አለ ሌላው። «አሞሃል፣ ተኛ።» የተመልካቹ ቁጥር ከሦስት ሺህ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ዘጠኝ መቶ ወረደ። «እኮ መጨረሻው ላይ ምን አለ?» ይላሉ የቀሩት። ባስልዮስ ከንፈሩን ነከሰ። ቁጥሩ ስድስት መቶ ሲደርስ አፉ ተከፈተ።

ሁሉንም ነገራቸው። አናጢውን፣ ሚያዝያውን፣ 4417ን፣ የጽሑፉን እያንዳንዱን ቃል። እየነገራቸው አለቀሰ፤ እንባውም የውሸት አልነበረም። እያለቀሰ ግን የተመልካቹን ቁጥር በዓይኑ ጥግ ያየው ነበር። አራት ሺህ። ሰባት ሺህ። አሥራ ሁለት ሺህ።

ሲጨርስ ህብረት የጋራዡ በር ላይ ቆማለች። ወደ ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

በማግሥቱ ጠዋት ፍርዶስ መጣች። መኪናዋን መንገዱ ዳር አቁማ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች። ባስልዮስ ከደጁ በረዶ ሲጠርግ አካፋውን ጥሎ ተጠጋት።

«ፍርዶስ፣ እህቴ፣ አየሽው? ሰው ሁሉ እኮ ጌሙን እየፈለገው ነው። ስንቱ አለቀሰልሽ…»

«የመጀመሪያውን ይቅር ብዬህ ነበር» አለችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሳቅህ አልከበደኝም። የሚገባኝ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ያንን ጽሑፍ ግን እዚያ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ለምን ይመስልሃል? ስድስት ሰዓት የሳቸውን ካርድ የፈለገ ሰው ብቻ እንዲያውቀው ነበር። አንተ ቁጭ ብለው ለሚስቁ ሰዎች አከፋፈልከው።»

«ዲሊት አደርገዋለሁ። አሁኑኑ።»

«ሰው አውርዶ ተቀባብሎታል። እናቴ ወሎ ሆና ትናንት አይታዋለች።» ወደ መኪናዋ ተመለሰች። በሩን ከመዝጋቷ በፊት፦ «እናቴም አታውቅም ነበር» አለች።

ዲሊት አደረገው። አልጠቀመም።

በአራተኛው ቀን አንድ መልእክት ደረሰው። እናናዬ የምትባል ሴት ከአዲስ አበባ ናት። «አባቴ አናጢ ነበር። በሚያዝያ ነው የሞተው፤ ሦስት ቀን አግዳሚ ላይ ተኝቶ። የካርዱ ቁጥር 4417 ነው፤ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት እስከ ዛሬ እኛ ጋ አለ። የልጅቷን ስልክ ስጠኝ፤ የኔም ከታች አለ።»

ባስልዮስ ሁለት ቀን ለማንም ሳያሳይ ይዞት ዞረ። ፈራ፤ ፍርሃቱ እውነት ነበር። ከፍርሃቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ሲነጋገሩ፣ እሱ መሐል ሆኖ፣ ላይቭ። ኋላ ለህብረት አሳያት፤ አንብባ ስትጨርስ ፊቱን ቀና ብላ አየችው።

«እንዳታስበው» አለች። «እንደዚያ ካደረግህ ልብሴን ይዤ ነው የምወጣው።»

በማግሥቱ የእናናዬን መልእክትና ቁጥር በወረቀት ጽፎ መጋዘን ለፍርዶስ ወሰደላት። ፍርዶስ አነበበችው። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግን ወረቀቱን አልመለሰችም።

«ካልፈለግሽ አላገኘኋትም እላታለሁ።»

«እደውላለሁ።»

«ምን ልትያት ነው?»

ፍርዶስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ሳትለው መለሰችለት። «አንተን አይመለከትም።»

በምሳ ሰዓት መኪናዋ ውስጥ ገባች። ብሬክ ሩም ያሉት ሁሉ በመስኮት ያዩአታል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች፤ አንድ ሰዓት ተኩል እንደዚያው ሆነች። የሚነቃነቀው ትከሻዋ ብቻ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ሊጠራት ሲወጣ ባስልዮስ መንገድ ዘጋበት፤ ለሷ ያደረገላት ነገር ቢቆጠር ያ ብቻ ነው። ከዚያ ወጥታ ፊቷን ታጠበችና ሺፍቷን ጨረሰች። በሁለተኛው ሳምንት ሥራውን ለቀቀች። ከባስልዮስ በቀር ሁሉንም ተሰናብታለች፤ ክሊኒኩ ድረስ ሄዳም፣ ጌሙን ቀድማ ከጨረሰችው ከህብረት ጋር ተቃቅፈው ተለያይተዋል።

ባስልዮስ ከአንድ ወር በኋላ ዝግጅቱን ቀጠለ። ተከታዮቹ ሃያ ስድስት ሺህ ደርሰዋል። አዲስ ካቨር ገና ሲያነሣ ከሥር የሚጻፈው ስለ ካቨሩ አይደለም። እናናዬ ከቪዲዮዎቹ በአንዱ ሥር የአናጢው ልጅ መሆኗን ጽፋ ነበርና «ተገናኙ ወይ?» ይላሉ። «ምን አለቻት? ይቅር አለቻት?» እሱ አያውቅም። ህብረት ታውቃለች፤ ፍርዶስ ነግራታለች።

«ንገሪኝ» አላት አንድ ቀን ምሳ እየበሉ። «ለማንም አልናገርም።»

«አልነግርህም።»

«ባልሽ ነኝ እኮ።»

ህብረት ሳህኗን አንሥታ ወደ ማጠቢያው ሄደች። እስከ ዛሬም በየጊዜው ይጠይቃታል።