ትንሽ ቀላ አድርጊኝ

ፎቶ አንሺዋ ለክፉ ቀን የማታዘጋጀው ነገር አልነበረም። በልጇ የፈተና ጠዋት የልጅቷ ቦርሳ ውስጥ አራት እስክሪብቶ፣ ሁለት ላጲስ፣ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት፣ ጃንጥላ፣ ጃንጥላው ቢሰበር ደግሞ የዝናብ ልብስ ከታለች።

«እማዬ፣ ፈተና እኮ ነው፤ ዘመቻ አይደለም» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ዝም ብለሽ ያዥ። ነገር የሚበላሸው እንዲህ ሲሉ ነው።»

ተበላሸም። ግን በቦርሳው በኩል አልነበረም።

ከስቱዲዮው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የመፈተኛው በር ላይ የቆሙት ጥበቃ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። የልጅቷን ካርድ ተቀብለው ፎቶውን አዩ፤ ልጅቷን አዩ፤ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ፎቶውን አዩ።

«ይህቺ ቀይ ልጅ የት አለች?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ልጄ፣ ዓይኔ ደከመ እንጂ አልጠፋም። ለሌላ ሰው ልትፈተኚ ከሆነ አሁኑኑ ተመለሽ።»

አብራት የመጣችው እናት አንገቷን አስግጋ ካርዱን አየችው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገብቷታል።

እሷ ክልስ ናት፤ አባቷ ፈረንጅ፣ እናቷ ጥቁር። «ቀይዋ» እየተባለች አድጋ ስሙን እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥላው ኖራለች። ልጇ ግን እሷን ዘላ ቀጥታ አያቷ ላይ አረፈች፤ መልኳ ጥቁር፣ ፀጉሯ ጥቅልል ያለ። ቤታቸው ውስጥ «ጥቁር» የሚባል ቃል አይነሳም። ልጅቷ «ጠይሟ» ናት፤ እናትየዋ ስታቆላምጣት ደግሞ፣ ያለ ምንም እፍረት፣ «የቀይ ዳማዬ»። በስቱዲዮውም ማንም ሰው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ደረጃ ሳይቀላ አይታተምም። ደንበኛው አይጠይቃትም፤ እጇ በራሱ ነው የሚሠራው። በልጇ ፎቶ ላይ ሲደርስ ታዲያ እጇ አንድ ደረጃ ላይ አልቆመም። ሦስት ሄደ። ፀጉሯንም ጥቂት አስተኛላት።

«እናቷ ነኝ! እኔ እመሰክራለሁ!»

«መታወቂያዎን።»

ሰጠቻቸው። አዩት፤ ቀና ብለው እሷን አዩ።

«እመቤት፣ እርስዎስ ማን ነዎት?»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት።

«ሳቂ! ዓመትሽ ሲቃጠል ቆመሽ ሳቂ!» አለች እናትየዋ።

ጥበቃው ሰዓታቸውን ተመለከቱ። «በሩ ሊዘጋ ሃያ አምስት ደቂቃ አለ። ልጅቷን የሚመስል ፎቶ አምጡና ተቆጣጣሪው ማኅተም ይምታበት።»

መንገዱን በሩጫ ተሻገሩ። የፊተኛው ፎቶ ሳይነካ በፊት የነበረው መልክ አልተቀመጠም፤ እናትየዋ የሰው እውነተኛ ፊት አስቀምጣ አታውቅም። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ብልጭ። ፊቷ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ፤ የእናቷ እጅም ማንም ሳይጠራው ወደ መልክ ማፍኪያው ቁልፍ ሄደ።

«እማዬ፣ እጅሽ!»

«ትንሽ ብቻ። ጨለም ብለሽ እኮ…»

«ጨለም አላልኩም፤ ጥቁር ነኝ። እጅሽ ላይ ተቀመጪበት።»

ተቀመጠችበት። ልጅቷ ራሷ ማተሚያውን ተጫነች። ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ ግንባር፣ ቀጥሎ ቅንድብ፣ ቀጥሎ ያ ሰፋ ያለ አፍንጫ። እናትየዋ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች። የሞተችው እናቷ ናት! ግድግዳው ላይ ቀልታ የተሰቀለችው አይደለችም፤ በልጅነቷ ጠዋት ጠዋት ፊቷን በሳሙና እየፈተገች ታጥባት የነበረችው።

«ምን ያስለቅስሻል? ይህን ያህል አስቀያሚ ነኝ?»

«የቀለሙ ሽታ ነው። ተነሺ፣ በሩ ይዘጋል!»

አራት ደቂቃ ሲቀር ደረሱ። ጥበቃው ፎቶውንና ልጅቷን አስተያዩና «እንዲህ ነዋ! አሁን ልጅቷ መጣች» አሉ። ማኅተሙ ተመታ፣ ልጅቷ ገባች።

እናትየዋ ስቱዲዮዋ ተመልሳ፣ አራቱም እስክሪብቶዎች አንድ ላይ ቢደርቁስ እያለች ስትብሰለሰል፣ ለምሳ የወጡት ጥበቃ ገቡ። ቆባቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ተደላደሉ።

«እኔንም አንሺኝ፤ ለመታወቂያ ነው።»

አነሳቻቸው። ሰውዬው ወደ በሩ ዞር ብለው የሚሰማ አለመኖሩን አረጋገጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትንሽ ቀላ አድርጊኝ።»

እጇ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር። መልሳ ተቀመጠችበት።

«አይሆንም አባባ። በር ላይ ይመልሱዎታል።»

«ማን ነው የሚመልሰኝ? በር ላይ ያለሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«እሱን ነው የምፈራልዎ» አለችና፣ እጇን ከሥሯ ላለማውጣት ማተሚያውን በክርኗ ተጫነችው።