የሰላምታ ሂሳብ

የደባርቋ ቴሌፎኒስት አልጣሽ በራሷ ሥልጣን አንድ ነገር ወስና ነበር፤ ሰላምታ አይቆጠርም። ከጊች ወይም ከጃናሞራ መጥቶ ጎንደር ላለ ልጁ የሚደውል ገበሬ የከብቱን፣ የጎረቤቱን፣ የንስሐ አባቱን ደኅንነት ሳያወራ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ሲገባ ደግሞ የከፈለበት ሦስት ደቂቃ አልቋል። ስለዚህ አልጣሽ ሰዓቷን የምታየው «እንግዲህ የደወልሁልህ...» ሲባል ከሰማች በኋላ ነበር፤ የጥሪው ሂሳብ በሚያዝበት ትኬት ላይም የምትጽፈው ከዚያ ወዲያ ያለውን ደቂቃ ብቻ ነው። የሰው ስልክ ማዳመጥ ክልክል ነው፤ ግን ሳያዳምጡ ሰላምታው ማለቁ እንዴት ይታወቃል?

ችግሩ የጎንደሯ ቴሌፎኒስትም ለዚያው ጥሪ የራሷን ትኬት መጻፏ ነው። እሷ አመለኛ ናት፤ ከመጀመሪያዋ «ሃሎ» ጀምራ ትቆጥራለች። የሁለቱ ትኬት ጎን ለጎን ሲታይ በደባርቁ ላይ ግማሹ ደቂቃ የለም። አንድ ማለዳ ተቆጣጣሪው አቶ ክንዴ ጆንያ ሙሉ ትኬት ጭነው ደባርቅ ገቡ፤ የከተማው ካድሬ ጓድ ደምለውም ሽጉጡን እያስተካከለ ተከተላቸው።

«ይኼ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው» አለ ደምለው።

በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው ብርድ ልብሱን ይዞ ነው ከቤቱ የሚወጣው። አልጣሽ ፈራች። ምላሷ ግን እንደ ልማዱ አላረፈም።

«ጥሩ፤ የሁሉም ሰላምታ ይቆጠራ» አለች። «ከጓድ እንጀምር?»

አቶ ክንዴ ሂሳብ ካዩ ማንንም አያዩም፤ የደምለውን ትኬቶች አውጥተው ደመሩ። ደምለው ጎንደር በደወለ ቁጥር ለሰፊው ሕዝብ፣ ለጭቁኖችና ለዓለም ላብ አደሮች አብዮታዊ ሰላምታውን ሳያቀርብ ወደ ጉዳዩ አይገባም። አልጣሽ ያንንም አልቆጠረችም ነበር፤ እኩልነት ማለት ይኼ አይደል? የሱ ዕዳ ብቻውን ከጃናሞራ ገበሬ ሁሉ ዕዳ በለጠ።

ደምለው ግንባሩን ጠረገ። «አብዮታዊ ሰላምታ በገንዘብ አይተመንም» ሲል ወሰነ። «ሌላው ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቆጠራል። አንዲት ደቂቃ ብታጎድይ ትታሰሪያለሽ።» አቶ ክንዴም ቃል በቃል ጽፈው፣ ማኅተም መትተው፣ መመሪያውን ግድግዳው ላይ ለጠፉት።

በማግሥቱ እማማ የዓለምወርቅ ከጊች ወርደው መጡ። ልጃቸው ሀይሉ ጎንደር ተማሪ ነው፤ በቀጠሮ እዚያው ስልክ ቤት ይጠብቃቸዋል። መቀነታቸው ውስጥ ያለው ገንዘብ ለሦስት ደቂቃ እንኳ በጭንቅ ይበቃል። አልጣሽ ጎንበስ ብላ አዲሱን ሕግ በጆሯቸው ነገረቻቸው።

«አብዮታዊ እያሉ ሰላም ካሉት አይቆጠርብዎትም።»

«እንዲያ ከሆነማ ምን ከፋኝ» አሉና ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ጓድ ሀይሉ፣ አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስህ። አብዮታዊ አጎትህ ደኅና ነው። አብዮታዊት ላማችን ወልዳለች። ጭቁን ጎረቤቶችህ ሁሉ ሰላም ብለውሃል።»

አልጣሽ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

ከወዲያ በኩል ሀይሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እምዬ» አለ፤ «የት ነው ያሰሩሽ?»