ካርቶኑ የታሰረበት ግንድ

የሊባኖስን ክንድ በአካፋ የሰበርሁት እኔ ነኝ። አልክድም።

ስኪዳም ከተማ ዳር ባለው የአትክልት ማኅበር ውስጥ አንድ ቁራሽ መሬትና አንድ የፖም ዛፍ ነበረኝ። በዚህ የፈረንጅ አገር ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቢሮ ስጠርግ የኔ ብዬ የተከልሁት እሱን ብቻ ነው። ባለፈው መስከረም ፖሙ በሙሉ ትል በትል ሆነና የማኅበሩ ቤስቱር፣ ማለት ኮሚቴው፣ ደብዳቤ ጻፈብኝ። በሚቀጥለው ፍሬም ትሉ ወደ ጎረቤት ከተዛመተ ዛፉ ይቆረጣል አለ።

በግንቦት ወጥመድ ገዝቼ ሰቀልሁ። በሴቷ ሽታ ወንዱን የእሳት ራት፣ የትሉን አባት፣ የሚጠራ፣ ውስጡ ማጣበቂያ ያለው ነው። በአንድ ሳምንት ሠላሳ አራት ያዘ። ሲንፈራገጡ ቆሜ አየኋቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሊባኖስ የአጥር ጎረቤቴ ነው፤ ስለ ተክል ተምሮ ዲግሪ የጫነ። ሰው በተሰበሰበበት፣

"ጋሽ አዘዘ፣ ይሄ እኮ መቁጠሪያ ነው እንጂ መግደያ አይደለም። መቼ እንደመጡ ነው የሚነግርዎት። ሴቶቹ ቅጠሉ ላይ እንቁላል እየጣሉ ነው" አለኝ።

ማናለብሽ የምትባል ሌላ የማኅበሩ አባል ቀበል አድርጋ፣ "ወንድ ወንዱን አስሮ ሴቶቹን ለቀቃቸው በሉኛ!" አለች። ሳቁ። ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት ወድጄ አይደለም። በሰው ፊት ያረመኝ የመጀመሪያው ሊባኖስ አይደለም፤ የሁሉንም ስም ይዣለሁ።

"ፍሬው ሳያድግ በከረጢት እንሸፍነው፣ ላግዝዎት" ሲለኝም፣ "የራስህን ሸፍን!" አልሁት።

በሐምሌ ፖሙ ተበሳሳ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርበት ሰፈር ከዴልፍስሃቨን በትራም ስደርስ ሊባኖስ ዛፌ ሥር ተንበርክኳል፣ በእጁ ቢላ። ልጡን ዙሪያውን ልጦ ሊያደርቅብኝ ነው አልሁ። አልጠራሁትም። አካፋውን አንስቼ አሳረፍሁበት። በክንዱ ከለለ፤ ቋ ሲል ሰማሁ። ትከሻውን ደገምሁት። አፉ አፈር ውስጥ ገብቶ፣ "ጋሼ! ካርቶን ነው! ካርቶን ነው!" ይላል።

ካርቶን ነበር። ግንዱ ላይ ጠምጥሞ በሲባጎ አስሮታል፤ ቢላው የሲባጎው መቁረጫ ነው። ትሉ ከፖሙ ሲወርድ ካርቶኑ ውስጥ ይደበቃል፣ ከዚያ አውልቆ ማቃጠል ነው። ይህን የነገረኝ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ከአፍንጫው ደም እየወረደ ነው። ያን ጊዜም ሊያስተምረኝ!

ፖሊስ ወሰደኝ፤ ቃሌን ተቀብሎ ለቀቀኝ። ፍርዱ ገና ነው። ቤስቱሩ ግን አልዘገየም፤ በትሉ ሳይሆን በአካፋው አባረረኝ። መሬቱ ከነዛፉ ለተረኛ ይሰጣል አለ።

በመጨረሻው ቀን ፋስ ይዤ ሄድሁ። የካርቶኑን ጠርዝ ገለጥ ባደርገው ትል ሞልቶታል። አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ጨፈለቅኋቸው። ሊባኖስ ጄሶ የገባ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከአጥሩ ማዶ ቆሟል።

"ጋሽ አዘዘ፣ ይተዉት። ዛፉ ምን አደረገ?"

"አንተ ምን አገባህ!"

መዳፌ እስኪላጥ ግንዱን መታሁት። ሲወድቅ ፖሙ እንደ በረዶ ወረደብኝ፤ አንዱ ቅንድቤን ፈነከተኝ።

ከካርቶኑ በላይ ነው የቆረጥሁት። እሱ ያሰረውን ሲባጎ አልነካሁም።