ጭብጨባ አይቆጠርም

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ቆጣሪ የሰማችው ሰፈሩ ሁሉ «ሌባ» ብሎ ከጨረሳት በኋላ ነው። ያውም ዳቦ ቤት ተሰልፋ። ከኋላዋ የቆመችው ሴትዮ ስልኳን አፍንጫዋ ሥር ደቀነችባት። የዐሥራ አንድ ሰከንድ ቪዲዮ ነው፤ ቆጣሪ ሰማያዊ ከረጢት ታቅፋ ከድምፅ መስጫው ክፍል ስትወጣ ያሳያል። ከላይ በቀይ «እጅ ከፍንጅ!» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ቆጣሪ» ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጡረታ ወጥታለች። ምርጫ በመጣ ቁጥር ደግሞ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለውን ጣቢያ የምትመራው እሷ ነች። አቆጣጠሯን የማያውቅ የለም። እያንዳንዷን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታሳያለች፣ የተመረጠውን ሰው ጮክ ብላ ትጠራለች፣ ታዛቢዎቹ ሁሉ «አየን» ካላሉ ወረቀቷን አታስቀምጥም። መጨረሻ ላይ ውጤቱን በእጇ ጽፋ፣ ፈርማ በሩ ላይ ትለጥፋለች። በዚህ የተነሳ የእሷ ጣቢያ ሁልጊዜ ከሁሉም መጨረሻ ነው የሚዘጋው። ቀልደኞቹ «ቆጣሪ ቆጥራ እስክትጨርስ የተመረጠው ሰውዬ የሥልጣን ዘመኑን ይጨርሳል» ይላሉ። ትስቃለች እንጂ አትቸኩልም።

ከረጢቱ ውስጥ የነበሩት የተበላሹ ወረቀቶች ናቸው። ሕጉ ታሽገው ርእሰ መምህሩ ቢሮ ያለው የብረት ሣጥን ውስጥ ይግቡ ይላል፤ አንድ ታዛቢም አብሮ ይሄዳል። ያን ቀን አብሯት የሄደው የተሸናፊው እጩ ታዛቢ ነበር፦ ልብስ ሰፊው፣ የገዛ ታናሽ ወንድሟ። እናታቸው ስትሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበርና ያሳደገችው እሷ ነች። ሁለት እጇን ከረጢቱ ስለያዘው በሩን የከፈተላት እሱ ነው። የውጤቱ ወረቀት ላይም ፈርሟል።

እጩው በሁለት መቶ ድምፅ ተሸነፈ። በማግስቱ «ተሰረቅሁ» አለ። ማስረጃ የጠየቀው ሰው የለም።

ቆጣሪ ዳቦውን ሳትገዛ በቀጥታ ወደ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። እንደ ወትሮው ቢጫ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሱሪ ያሳጥራል።

«አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምላስህን ምን በላው?»

ከስፌቱ ቀና አላለም። «ትንሽ ታገሺ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እስኪጠራ እኔ ገደል ልግባ? ‹አብሬያት ነበርኩ› ማለት እኮ ነው! ሁለት ቃል!»

«ደንበኞቼ ሁሉ የእጩው ደጋፊዎች ናቸው። ነገ እኔ ጋ ማን ሊያሰፋ ነው? ከዳተኛ ነው የሚሉኝ።»

ደሟ ፈላ። በልጅነቱ ሲዋሽ ጆሮውን ትቆነጥጠው ነበር። ዝም ያለን ሰው ግን ምኑን ይቆነጥጡታል?

ቅዳሜ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ቆጣሪ በልማዷ የተቀመጠውን ሰው ቆጠረች፤ ራሷን ጨምሮ ሰባ። ከፊት የምርጫ ቢሮው ተወካይ ቆሟል፤ ክራቫቱ የተስተካከለ፣ አንደበቱ ማር የሆነ ጎልማሳ። የሕዝቡን እምነት ለመመለስ ሲባል ከእንግዲህ እዚህ ጣቢያ ድምፅ አይቆጠርም አለ። ሣጥኖቹ ወደ ዋናው መጋዘን ይሄዳሉ፣ ባለሙያዎች ይቆጥሯቸዋል።

«ታዛቢስ?» አለች ቆጣሪ።

«ለሥርዓት ሲባል ታዛቢ አይገባም። ውጤቱ በስልካችሁ ይላክላችኋል።»

ሰዉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሌባ ፈርተው የቤታቸውን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው ሊሰጡ ነው! ቆጣሪ ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለችም።

«ቪዲዮውን አውጡት፤ ሁላችሁም አላችሁ። አሁን እኔን ተዉኝና ግራ ጥጉን እዩ። በሩን የያዘው እጅ የማን ነው?»

ስልኮች ወጡ። መቶ ጊዜ ያዩት ቪዲዮ ነው፤ ግራ ጥጉን ግን አንድም ሰው አላየውም ነበር። አንድ እጅ በሩን ይዟል፣ ከእጁ በላይ የቢጫ ሜትር ጫፍ ተንጠልጥሏል። ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ። እሱ ጫማውን ያያል።

 ቆጣሪ «አበቃ፣ ስሜ ነጻ ወጣ» ብላ ተነፈሰች።

«ለካስ ሌብነቱ በቤተሰብ ነው!» አለ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንድ ሌባ ተብላ የገባችው ሴትዮ ሁለት አድርጋላቸው አረፈች። ተወካዩ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ «እንግዲያው ሐሳቡን በጭብጨባ እናጽድቀው» አለ። አጨበጨቡ።

ቆጣሪ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው።

«ጭብጨባ አይቆጠርም! ቆጠራችን ከተዘጋም ተቆጥሮ ይዘጋ። የምትደግፉ፣ እጅ አውጡ!»

ከተሰብሳቢው ግማሹ ተማሪዎቿ የነበሩ ናቸው። ያን ድምፅ ሲሰሙ እጃቸው ባለቤቱን ሳይጠይቅ ወጣ፤ ሌላውም ተከተለ። በወንበሮቹ መካከል እያለፈች፣ በጣቷ እያመለከተች፣ ጮክ ብላ ቆጠረች። ማንንም አልዘለለችም። ፀጉር አስተካካዩን ሁለቴ አየችው እንጂ ሁለቴ አልቆጠረችውም።

«ስልሳ ስምንት። የሚቃወም?»

የራሷን እጅ አወጣች። «አንድ።»

ጻፈችው፣ ፈረመችበት፣ ወጥታ እንደ ሁልጊዜው በሩ ላይ ለጠፈችው። የገዛ ሽንፈቷን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ሰዉ ወረቀቱን ሳያይ በአጠገቧ እያለፈ ተበተነ።

ወንድሟ መጨረሻ ላይ ወጣ። ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ በእጁ ጠቅልሎታል።

«እትዬ፣ አየሽ አይደል? እኔ እጄን አላወጣሁም። በአንቺ ላይ አላወጣሁም።»

ቆጣሪ እስክሪብቶዋን እንደገና አወጣችና ከወረቀቱ ግርጌ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ድምፀ ተአቅቦ፣ አንድ።»

«አይቼሃለሁ፤ ቆጥሬሃለሁም» አለችው። «ስልሳ ስምንቱን አንድ ቀን ይቅር እላቸው ይሆናል። እነሱ በሩ ላይ አልነበሩም።»